ከሳጥን የወጣ ቴምብር፦ ብርቅ መሆኑንና እውነተኛነቱን እንዴት እናጣራለን?

ጅማ ውስጥ ያረጀ ቴምብር ከሰብሳቢ አልበም የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው የሚወጣው ከሳጥን ነው። የቡና ነጋዴ የነበሩ አያት አርፈው ቤቱ ሲጸዳ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ የድሮ ቤት ሊፈርስ ሲል፣ ወይም ሂርማታ መርካቶ ላይ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ በሲባጎ የታሰረ የደብዳቤ እሽግ ብቅ ይላል። ታዲያ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው በዚያኑ ዕለት ነው። አንዱ ልጅ ውሃ በሳህን ያቀርብና ቴምብሮቹን ከፖስታቸው ላይ ይልጣል። የኢትዮጵያ የድሮ ቴምብር አብዛኛው ዋጋው ያለው ፖስታው ላይ እንደተለጠፈ ሲገኝ ስለሆነ፣ ሐሰተኛ ቴምብር ገዝቶ ከመክሰር ይልቅ ይህ ይብሳል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የቴምብር ካታሎጎች የሚጠቀሙት እሱን ስለሆነ፣ ገና ከጅምሩ ሁለቱን አቆጣጠር ማደባለቅ የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ያመጣል።

እጅ ከመንካቱ በፊት

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቅባት የነካው ጣት ሙጫው ላይ የሚያሳርፈው አሻራ አይለቅም። ቴምብር የሚያዘው በወረንጦ ነው፤ ወረንጦው ግን ጫፉ ጠፍጣፋና ለስላሳ መሆን አለበት። ለቅንድብ የሚሸጠው ስለታም ስለሆነ የቴምብሩን ጥርስ ይበጥሳል። ሌላ ካጣችሁ ጫፉን በጥፍር ሞረድ አለዝባችሁ ተጠቀሙበት።

በፖስታ ላይ ያለ ቴምብር እዚያው ይቆይ። አይላጥ፣ አይቆረጥ። ውስጡ ያለው ደብዳቤም ከፖስታው አይለይ። ቀኑን፣ ላኪውንና የተከፈለውን ሒሳብ ለማስታረቅ ኋላ ይፈለጋል። ውሃ ውስጥ መንከርንም ጨርሶ እርሱት። በምኒልክ ዘመን ቴምብሮች ላይ በእጅ የተመቱት ወይን ጠጅና ቀይ ጽሑፎች ውሃ ሲነካቸው የሚፈስ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከፈሰሰ መመለሻ የለውም።

የጅማ ክረምት የራሱን ጣጣ ያመጣል፦ በእርጥበት እርስ በርስ የተጣበቁ ቴምብሮች። በጉልበት አትለያዩዋቸው። ክዳን ያለው ላስቲክ ዕቃ ውሰዱ፤ ታቹ ላይ ውሃ ጠጥቶ የተጨመቀ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወንፊት አድርጉና ቴምብሮቹን ወንፊቱ ላይ አስቀምጣችሁ ክደኑ። በየሰዓቱ እያያችሁ በራሳቸው ሲላቀቁ አውጧቸው። ጥቂት ሰዓት የሚበቃው አለ፣ አዳሩን የሚፈልግም አለ። በዚህ መንገድ የወጣ ቴምብር የሙጫውን አንጸባራቂነት ያጣል። ስለዚህ ማኅተም ያላረፈበትና ዋጋ ያለው የሚመስል ከሆነ እንደተጣበቀ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

የፖስታ ነው የቀረጥ?

አማርኛችን ሁለቱንም «ቴምብር» ስለሚል እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በውል፣ በደረሰኝ፣ በርስት ወረቀትና በፍርድ ቤት ማመልከቻ ላይ የተለጠፈው የቀረጥ ቴምብር ነው። የፖስታው ቴምብር የሚታወቀው ከተማና ቀን ያለበት የፖስታ ቤት ማኅተም ስላረፈበት ነው። የቀረጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በብዕር ፊርማ ወይም በመሥሪያ ቤት ክብ ማኅተም ተሰርዟል። ብዙ የፖስታ ቴምብሮች ላይ «ፖስታ» የሚለው ቃል በአማርኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይገኛል።

የቀረጥ ቴምብር ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። እሱንም የሚሰበስቡ አሉ፣ ሰነዱ ላይ እንዳለ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይፈልጉታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የቤተሰብ የመሬት ወረቀት ለቴምብሩ ሲባል አይሸጥም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አስር ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር (የወርቅ ሠሪ መነጽር ይሆናል)፣ ወረንጦ፣ ሚሊ ሜትሩ የሚነበብ ማስመሪያ፣ ነጭ የእጅ ባትሪ፣ እና ሱቆች ብር የሚፈትሹበት ሰማያዊ መብራት። የመጨረሻው የ365 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት ከሆነ ይበቃል። ለውሃ ምልክት (ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የሚቀር ደብዛዛ ምልክት ነው) ጥቁር ትንሽ ሳህንና የተጣራ የላይተር ቤንዚን ያስፈልጋል። የመኪና ቤንዚን አይሆንም፤ በላዩ የተጨመረ ነገር ስላለው ወረቀቱ ላይ ቅባት ይተዋል። ስካነር ካለው ፎቶ ቤት ጋር ብትስማሙ ደግሞ ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል።

የማን ዘመን ነው?

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙት የ1894 ቴምብሮች ናቸው። ሥዕሉን የሠራው ፈረንሳዊው ኤዠን ሙሾን ነው። ሰባት ናቸው። የምኒልክ ምስል ያለባቸው አራቱ፦ ሩብ ግርሽ አረንጓዴ፣ ግማሽ ግርሽ ቀይ፣ አንድ ግርሽ ሰማያዊ፣ ሁለት ግርሽ ጥቁር ቡናማ። አንበሳ ያለባቸው ሦስቱ፦ አራት ግርሽ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡናማ፣ ስምንት ግርሽ ሐምራዊ፣ አሥራ ስድስት ግርሽ ጥቁር። አሥራ ስድስት ግርሽ አንድ ጠገራ ብር ነበር። ለውጭ አገር ሰብሳቢ ፈተና የሆነውን ጽሑፍ የኛ ሰው በአንድ እይታ ያነበዋል፤ ይህን ዕድል ተጠቀሙበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ይኸው አሮጌ ቴምብር ላዩ ላይ ጽሑፍ እየተመታበት እንደገና ሥራ ላይ የዋለበት ነው። በ1901 በላቲን ፊደል «ኢትዮፒ»፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት»፣ ከ1905 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ዋጋ ተደረበበት። በ1909 አዲስ ሥዕል ያላቸው ሰባት ቴምብሮች ወጡ። በ1917 የንግሥት ዘውዲቱ ንግሥ በእነዚህ ላይ በተደራቢ ጽሑፍ ታሰበ። በ1919 እንስሳት ያሉባቸው አሥራ አምስቱ፣ በ1928 የዘውዲቱና የራስ ተፈሪ፣ ከዚያም የ1930 ንግሥ ተደራቢዎች ተከተሉ። በ1936 የጣሊያኑ ንጉሥ የቪክቶር ኢማኑኤል ምስል ያለባቸው፣ ከ1938 ጀምሮ ደግሞ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» የሚሉት በሊሬና በቼንቴዚሚ የተተመኑ ቴምብሮች መጡ።

አሁን መራራውን እንናገር። ማኅተም ያላረፈባቸውና ምንም ጽሑፍ ያልተደረበባቸው የ1894ቱ ምኒልኮች ብርቅ አይደሉም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ብዙ ስለተረፈ በዓለም ገበያ እንደ ልብ ይገኛሉ። የ1919ኞቹ የእንስሳት ቴምብሮችም እንዲሁ፤ እነሱ ላይ ጭራሽ ሌላ ችግር አለ፣ ወደ ታች እንመጣበታለን። ዕድሜና ብርቅነት አንድ አይደሉም። ሳጥኑ ውስጥ የሚፈለገው ተደራቢ ጽሑፍ ያለበትና በትክክል ተልኮ የመጣ ፖስታ ነው።

ጥርሱን መለካት

የቴምብር ጥርስ የሚለካው በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ በመቁጠር ነው። ሁለት ቁጥር ሲጻፍ የፊተኛው የላይና የታቹ ጠርዝ፣ የኋለኛው የጎኑ ነው። የ1894ቱ 14 በ13½ ናቸው።

መለኪያ ካርድ ከሌላችሁ የአሥር ጥርስ ርቀት ለኩ፤ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነስታችሁ አሥራ አንደኛው ጥርስ ጫፍ ድረስ ማለት ነው። 14 ከሆነ 14.3 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ 13½ ከሆነ 14.8። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት በትምህርት ቤት ማስመሪያ አይያዝም። መፍትሔው ስካነር ነው። ቴምብሩን በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) አንሱና ኮምፒውተር ላይ ነጥቦቹን (ፒክሰሉን) ቁጠሩ፤ 14ቱ 675 ያህል፣ 13½ው 700 ያህል ይሆናል። ይህ ልዩነት በዓይን አይጠፋም። በስልክ የተነሳ ፎቶ ግን ከሌንሱ የተነሳ ጠርዙ ላይ ስለሚጣመም ለመለካት አይሆንም።

ጥርስ ላይ ሁለት ዓይነት ማጭበርበር አለ። አንዱ «ጥርስ አልባ ብርቅ» ተብሎ የሚሸጠው ነው፦ ተራ ቴምብር ጥርሱ በመቀስ ተከርክሞ። ጥርስ አልባ የሚባል ነገር ቢያንስ ጥንድ ሆኖ፣ ወይም ጥርስ ካለው ጓደኛው የሰፋ ጠርዝ ይዞ መምጣት አለበት። ያነሰ ከሆነ ተከርክሟል። ሁለተኛው የተጎዳ ጎን እንደገና ጥርስ ሲበጅለት ነው። አራቱን ጎኖች አስተያዩ፦ አንዱ ጎን ጥርሱ ከሌሎቹ የሾለና የጠራ፣ ቀዳዳው በጣም ክብ ከሆነ፣ ወይም ቴምብሩ ከሌላው ጠበብ ካለ ተነክቷል።

እንዴት ታተመ?

የ1894ቱ የታተሙት በጎልቶ በተቀረጸ ብረት ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ ከመስመሩ መሃል ይልቅ ጠርዙ ላይ ተገፍቶ ስለሚጠራቀም ጠቆር ያለ ጠርዝ ይታያል። ባትሪውን ከጎን ስታበሩ ጀርባው ላይ መጠነኛ ጉብታ ሊኖር ይችላል። በዘመናዊ ማሽን የተቀዳ ሐሰተኛ ግን መስመሩ በጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። አረንጓዴ የመሰለው ቀረብ ሲሉት ሰማያዊና ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይበተናል። ይህን ያያችሁበት የምኒልክ ቴምብር ላይ ተጨማሪ ጊዜ አታባክኑ።

ወረቀትና ሙጫ

ጨለማ ክፍል ውስጥ የብር መፈተሻውን መብራት አብሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ላይ ማንጫ ኬሚካል መጨመር ስለተለመደ ዘመናዊ ወረቀት ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። የምኒልክ ዘመን ወረቀት ግን ደብዝዞ ይቀራል። እንደዚያ የሚያበራ የ1894 ቴምብር ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። ገና አትፍረዱ ግን፦ አንድ ሰው በቅንነት በኦሞ ውሃ ያጠበው እውነተኛ ቴምብርም ያበራል፣ ምክንያቱም የልብስ ሳሙና ይህንኑ ማንጫ ይይዛል። የታጠበው በአብዛኛው ወጣ ገባ ሆኖ ነው የሚያበራው፤ ጠርዙ ወይም አንዱ ጥግ ይበልጥ። በወረቀቱ የተሠራው ግን ወጥ ነው። እግረ መንገዳችሁን ተጠግኖ የተለጠፈበት ወረቀትና ሙጫም በዚህ ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የውሃ ምልክት ለማየት ቴምብሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥቁሩ ሳህን ላይ አኑሩና ጥቂት ጠብታ ቤንዚን አድርጉበት። መስኮት ይከፈት፤ ከሰልም ጀበናም አጠገብ አይሁን። የ1894ቱ የውሃ ምልክት የላቸውም፤ ካያችሁባቸው ችግር አለ። ቤንዚኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ ወረቀቱ የሳሳበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ የተቀደደና የተያያዘ መስመርም ይጋለጣል። በፎቶግራቪር (ከፎቶ በተቀረጸ የጎደጎደ ሰሌዳ) የታተሙ የኋለኛ ዘመን ቴምብሮች ላይ ግን አትሞክሩት። ቀለማቸው ሊሟሟ ይችላል።

ሙጫው ጋ ስንደርስ የ1919 የእንስሳት ቴምብሮችን እናንሳ። ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን የታዩባቸው እነዚህ የሚያማምሩ ቴምብሮች ኋላ ላይ በብዛት እንደገና ታትመዋል። ሳጥን ውስጥ አዲስ መስለው ሙሉ አሥራ አምስት ሆነው የሚገኙት ብዙ ጊዜ ዳግም ኅትመቶቹ ናቸው። ገልብጡና ጀርባቸውን እዩ። የመጀመሪያው ኅትመት ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የዳግሙ ወደ ቡናማ ያደላና በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው። ባትሪውን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን ብታበሩ ስንጥቁ ከጥግ ወደ ጥግ ሲሮጥ ይታያል። መሃሉ የተገለበጠ ወይም ጥርስ የሌለው ካገኛችሁም ቶሎ ደስ አይበላችሁ፤ ዳግም ኅትመቶቹ እንደዚያ ሆነውም ወጥተዋል።

ተደራቢ ጽሑፉ፦ ሥራው እዚህ ነው

ከሁሉም በላይ የሚጭበረበረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ከታች ያለው ቴምብር እውነተኛና ርካሽ ነው፣ ብርቅ የሚያደርገው ላዩ ላይ ያለው የአንድ ቃል ማኅተም ብቻ ነው። አጭበርባሪ ቴምብር ማተም አያስፈልገውም፤ ቃሉን ማስቀረጽ ይበቃዋል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ፈተና ሁሉ ያለፈ ቴምብር እዚህ ሊወድቅ ይችላል።

ሰማያዊውን አንድ ግርሽ እንውሰድ፤ ላዩ ላይ በወይን ጠጅ ቀለም «ቦስታ» ተመቶበታል፣ ከዚያ የፖስታ ቤት ጥቁር ክብ ማኅተም ግማሹን ይሸፍነዋል። አጉሊ መነጽሩን ወይን ጠጁና ጥቁሩ የሚቋረጡበት ነጥብ ላይ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ ታች ሰማያዊው ቴምብር፣ በላዩ «ቦስታ»፣ ከሁሉም በላይ ማኅተሙ። ወይን ጠጁ በጥቁሩ ላይ ወጥቶ ከተገኘ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው ቃሉ የተጨመረበት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው።

ነገር ግን ዓይን ያታልላል። ጥቁር ቀለም ከሥር ቢሆንም እንኳ ከላይ ያለ ይመስላል፤ ስስ ወይን ጠጅ በጥቁር ላይ አርፎ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በአንድ መቋረጫ አትወስኑ። ባትሪውን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ቴምብሩን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የላይኛው ቀለም የሚያንጸባርቅበት ማዕዘን አለ፤ እዚያ ላይ ወይን ጠጁ ሳይቋረጥ በጥቁሩ ላይ ሲያልፍ ወይም ጥቁሩ አንጸባራቂውን ሲቆርጠው ትለያላችሁ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት አለባችሁ።

ሁለተኛው ፈተና ቀን ነው። «ቦስታ» ሥራ ላይ የዋለው በ1902 ነው። ማኅተሙ 1899 የሚል ከሆነ ነገሩ አለቀ። ከተማውም ይመሰክራል፦ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የባቡሩ መስመር በ1902 ሲደርስ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ባለ ቀን የተመታ የድሬዳዋ ማኅተም ሊኖር አይችልም።

ሦስተኛው የፊደሉ አጣጣል ነው። በእጅ የተመታ ማኅተም ከአንዱ ምት ወደ ሌላው በቀለም ብዛት፣ በዘንበል ማለትና በጫና ይለያያል፣ የፊደሉ ቅርጽ ግን አንድ ነው። የ«ቦ»ን እግር፣ የ«ስ»ን አናትና የ«ታ»ን አግድም እጅ ከተረጋገጠ ናሙና ምስል ጋር አስተያዩ። የቃሉንም ርዝመት በሚሊ ሜትር ለኩ። ፊደል ሲጽፍ ያደገ ዓይን፣ ፊደል በማያውቅ ሰው የተቀረጸውን ቶሎ ይነቃበታል፤ የእግሩ ርዝመት ይዛባል፣ ቅጥያው ቦታውን ይስታል። ብዙ ቴምብር በአንድ ላይ ካላችሁ ሌላ ፍንጭ አለ፦ የተለያየ ዋጋ ያላቸው አምስት ስድስት ቴምብሮች ላይ ቃሉ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ማዕዘን፣ በአንድ ዓይነት ጫና ከተመታ ሁሉም በአንድ ቁጭታ ተሠርተው ይሆናል።

የተገለበጠ ወይም ሁለቴ የተመታ ጽሑፍ በካታሎግ ላይ ዋጋው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይጓጓል። የዚያ ዘመን ተደራቢዎች ግን ለሰብሳቢ ተብለው ጭምር ተገልብጠው ተመተዋል፤ ስለዚህ መገለበጡ በራሱ ምንም አያረጋግጥም።

ማኅተሙና ፖስታው

ማኅተም ያረፈበት ቴምብር ጀርባው ላይ ሙጫው ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ደብዳቤ አልጫነም፤ ለሰብሳቢ ሲባል ፖስታ ቤት የመታው ነው። ሐሰት አይደለም፣ ዋጋው ግን ከተጓዘው ያነሰ ነው።

ቴምብሩ ፖስታ ላይ ከሆነ ማኅተሙ ከቴምብሩ ተነስቶ ወደ ፖስታው ወረቀት የሚሻገርበትን ቦታ ፈልጉ። ጥርሶቹ መሃል ያለው ግማሽ ክብ ክፍተት ላይ አተኩሩ። ማኅተሙ በእውነት እዚያ ከተመታ ቀለሙ በዚያ ክፍተት ገብቶ የፖስታውን ወረቀት ይነካል፤ የክቡ ቅስትም ሳይሰበር ይቀጥላል። ቴምብሩ ከሌላ ቦታ መጥቶ ከተለጠፈ ክፍተቱ ባዶ ይሆናል፣ ወይም ቅስቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ይሳሳታል፣ ወይም ፖስታው ላይ ያለው ቅጥያ በብዕር የተሳለ ሆኖ ይገኛል። በብዕር የተሳለ መስመር በአጉሊ መነጽር ሲታይ መሃሉ ላይ የብዕሩ ጫፍ የተጓዘበት ቦይ አለው።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በኖቬምበር 1908 ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ቴምብር ከድንበር ውጭ ስለማይሠራ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይ ጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። በ1890ዎቹ ወደ ፓሪስ የተላከ ፖስታ ላይ ምኒልክ ብቻ ተለጥፎ ከተገኘ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጀርባውን አገላብጡ፦ የመሸጋገሪያና የመድረሻ ማኅተሞች አሉ? ቀናቸው ወደፊት ይሄዳል? የመነሻው ቀን ከመድረሻው ቀን በኋላ ከዋለ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ጅማ ሳጥን ውስጥ ተገኘ ማለት ከጅማ ተላከ ማለት አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ፖስታ ቤቶች እንጦጦና ሐረር ነበሩ፤ ለጅማ ሰው የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ የሌላ ከተማ ማኅተም ይዞ ቢመጣ ተገቢ ነው። የጅማን ስም የያዘ ማኅተም ስታገኙ የላቲን ፊደሉን እዩ። በጣሊያን ዘመን ከተማዋ የጋላና ሲዳሞ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች ብዙ ደብዳቤ ወጥቶባታል፤ ስሟም በጣሊያንኛ አጻጻፍ በ«ጂ» ፊደል ይጀምራል። ዛሬ የምናውቀው አጻጻፍ በ«ጄ» ነው። በጣሊያን ቴምብር ላይ በ«ጄ» የሚጀምር ማኅተም ካያችሁ ቆም በሉ።

የጣሊያን ማኅተም ላይ አንዳንዴ ከቀኑ ቀጥሎ የሮማ ቁጥር አለ። የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው፣ የሚጀምረውም በኦክቶበር 29 ነው። ማስላቱ ቀላል ነው፦ ከዓመቱ 1922ን ቀንሱ፤ ቀኑ ከኦክቶበር 28 በኋላ ከሆነ አንድ ጨምሩ። በሜይ 1938 የተመታ ማኅተም የሮማ ቁጥሩ XVI (16) መሆን አለበት፣ በኖቬምበር 1938 የተመታው ደግሞ XVII (17)። ሐሰተኛ ማኅተም የሚያሠራ ሰው ቀኑን እየቀያየረ የሮማውን ቁጥር መቀየር ይረሳል። ይህን ማጣራት ለጣሊያን ዘመን የግድ ነው፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ቴምብሮች ብዙዎቹ ላይ ማኅተም ያረፈበት ካላረፈበት ይበልጥ ስለሚወደድ የሐሰት ማኅተም መምታት ያዋጣል።

ዋጋውን ማየት

ካታሎግ (ስኮት፣ ስታንሊ ጊበንስ፣ ሚሼል፣ ኢቬር) ላይ ያለው ዋጋ ጉድለት ለሌለው ቴምብር የተጻፈ ነው፤ ሻጭ እጅ የሚገባው ከዚያ በታች ነው። ጥርሱ የጎደለ፣ የሳሳ፣ ቡናማ ሻጋታ የነካው በጣም ይወርዳል። ለእርግጠኛ ግምት የጨረታ ቤቶች የሸጡበትን ዋጋ እንጂ ሻጮች ጠየቁ የተባለውን አትዩ። መጠየቅ ነጻ ነው።

ለባለሙያ መላክ

በ600 ዲፒአይ ወይም ከዚያ በላይ ፊቱንም ጀርባውንም፣ በጥቁር ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ስካን አድርጉ። ጥቁሩ ወረቀት ጥርሱን ያጎላል። ከቴምብሩ አጠገብ ማስመሪያ ይታይ። ለአስረጂ የተረጋገጡ ቴምብሮችን በዓይን ለማየት አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ከዋናው ፖስታ ቤት ጋር ያለው የፖስታ ሙዚየም አለ፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ የራሳችሁን ስካን ይዛችሁ ብትሄዱ ማስተያየቱ ይቀላል።

የጽሑፍ ምስክር ወረቀት የሚሰጡ አካላት ውጭ ናቸው። የለንደኑ ሮያል ፊላቴሊክ ሶሳይቲ የባለሙያዎች ኮሚቴና የኒውዮርኩ ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን የታወቁት ናቸው። መልሳቸው «እውነተኛ ነው»፣ «አይደለም» ወይም «አስተያየት መስጠት አንችልም» ሊሆን ይችላል፤ ለሦስቱም ይከፈላል። ስለዚህ የቴምብሩ ግምት ከምርመራው ክፍያና ከደርሶ መልስ የፖስታ ሒሳቡ ቢያንስ አራት አምስት እጥፍ ካልሆነ አታውጡት። ከመላካችሁ በፊት ሌላም ነገር አለ፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የቆየ ፖስታ ወይም ደብዳቤ ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ላኩ ከተባላችሁ በአደራ ፖስታ፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል፣ ቴፕ ፖስታውን ሳይነካ።

እስከዚያው የት ይቀመጥ?

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው የጅማ ዝናብ ሙጫ ለመላላትና ለሻጋታ ጊዜ አይፈጅበትም። ቴምብሩን በለስላሳ የወረቀት ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ በጥብቅ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከጫማ ሳጥን የሚገኘውን የሲሊካ ከረጢት አብራችሁ አኑሩ። ከረጢቱ ቴምብሩን አይንካ። በወር አንድ ጊዜ ክፈቱና እዩ። ለስላሳ ፕላስቲክ ያለው የፎቶ አልበም አይሁን፤ ፕላስቲኩ የሚለቀው ነገር ቀለሙን ይጎትታል። ከቆርቆሮው ሥር ያለ መደርደሪያ በቀን ይግላል፣ ከወለሉ አጠገብ ያለ ሳጥን ደግሞ ለምስጥ ይመቻል። ስለዚህ መሃል ላይ ያለ፣ ከማድ ቤት ጭስ የራቀ፣ ከውጭ ግድግዳ ያልተጠጋ ቁም ሳጥን ምረጡ። አልበም ከሆነ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ተጋድሞ ሌላ ዕቃ ከተጫነበት ቴምብሮቹ ገጹ ላይ ይጣበቃሉ።